ክለብ ሲያድግ ሜዳው ወዴት ይሄዳል? የሀዲያ ሆሳዕና እና የሀምበሪቾ ዱራሜ ጉዞ

የ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለከምባታ ዞን ዋና ከተማ ለዱራሜ ታላቅ ዓመት ነበር። የከተማዋ ክለብ ሀምበሪቾ ዱራሜ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በማደጉ፣ በአገሪቱ የእግር ኳስ ውድድሮች ቁንጮ ላይ ከሚገኙ 16 ክለቦች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት በዱራሜ ከተማ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አልተካሄደም። ክለቡ በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳ ተብሎ የተመዘገበባቸው 15 ጨዋታዎች ሳይቀሩ በሌሎች ከተሞች ተከናወኑ። የውድድር ዘመኑ ሲጠናቀቅ ሀምበሪቾ ወደ መጣበት ሊግ ተመለሰ። የዱራሜ ሕዝብ ክለቡ ወደ ላይ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ያየው በቴሌቪዥን ነው።

ይህ ዕጣ የዱራሜ ብቻ አይደለም። ጎረቤቷ ሆሳዕናም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በሁለቱ ከተሞች የእግር ኳስ ጉዞ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የክለብ ዕድገት እና የሜዳ ዕድገት እኩል ካልተራመዱ ምን ይከተላል የሚለው ነው።

ከተማው እና ክለቡ

ሆሳዕና የተቆረቆረችው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። አካባቢው ቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ዛሬም ይህን ስም የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ይጠራበታል። ሆሳዕና የሚለው መጠሪያ የመጣው የወቅቱ የአካባቢው አስተዳዳሪ ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ዕለት ወደ ስፍራው ከመድረሳቸው ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ደጋማ ከተማ ለረጅም ዘመን የሀዲያ አስተዳደር መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ መቀመጫ ለመሆን በቅታለች።

ደጋፊዎቹ «ነብሮቹ» እያሉ የሚጠሩት ሀዲያ ሆሳዕና የዞኑን እና የከተማውን ስም አጣምሮ የያዘ ክለብ ነው። ስሙ ራሱ የክለቡን ባሕርይ ይገልጻል። በኢትዮጵያ በርካታ ክለቦች የተመሠረቱት በመሥሪያ ቤት፣ በባንክ፣ በፋብሪካ ወይም በመከላከያ ተቋም ሥር ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚገኙት አብዛኞቹ ግን የከተማ ወይም የአካባቢ ክለቦች ናቸው። የእነዚህ ክለቦች በጀት በአብዛኛው ከመንግሥት አስተዳደር፣ ከነዋሪው መዋጮ እና ከደጋፊ ማኅበር የሚገኝ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክለብ ሲያሸንፍ ደስታው የከተማው ሁሉ፣ ዕዳ ሲገባም ሸክሙ የከተማው ሁሉ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያ የሚመጣ አርሶ አደርም ክለቡን የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሀዲያ ስም ያለው በክለቡ መጠሪያ ላይ ነውና።

ክለቡ በከተማው ውስጥ ሲጫወት የኖረበት ሜዳ አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ይባላል። የክለቡን የቅርብ ዘመን ታሪክ ለመረዳት ይህን ሜዳ እና የሊጉን መሰላል አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የሊጉ መሰላል

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱ እግር ኳስ ማዕከል በዋናነት አዲስ አበባ ነበረች። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲካሄድ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ እና ከማን አንሼ የሚባሉት የዚያ ስታዲየም መቀመጫ ስፍራዎች የቲኬት ዋጋ መለያ ከመሆን አልፈው የእግር ኳስ ወዳዱ መታወቂያ እስከ መሆን ደርሰዋል። ሜዳ እንዲህ ነው፤ ሰው በተደጋጋሚ ሲሰበሰብበት ስም ያወጣል፣ ትዝታ ያከማቻል።

የክልል ከተሞች ክለቦች ወደ ላይ መውጣት የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው እርከን ለዓመታት ብሔራዊ ሊግ ሲባል ቆይቶ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከፍተኛ ሊግ ተብሏል። በየዓመቱ ከታች ጥቂት ክለቦች ያድጋሉ፣ ከላይም ጥቂቶች ይወርዳሉ።

ሀዲያ ሆሳዕና ይህን መሰላል ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ አብሮት ያደገው ድሬዳዋ ከተማ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአገሪቱ ታላላቅ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ጨዋታ ለማድረግ ወደ ሆሳዕና መጡ። ውጤቱ ግን አልሰመረም። ክለቡ በ14 ቡድኖች መካከል የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ከዳሽን ቢራ ጋር ወረደ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመታት በከፍተኛ ሊግ አሳለፈ። በ2011 ዓ.ም. ከሰበታ ከተማ እና ከወልቂጤ ከተማ ጋር እንደገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመለሰ።

የተቋረጠው ዓመት

የ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለሆሳዕና ነዋሪ የሜዳ ዓመት ነበር። ክለቡ ባለሜዳ በሆነባቸው ቀናት ደጋፊው ከሾኔ፣ ከሌሎች የዞኑ ከተሞች እና ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ዋናው ከተማ ይጎርፍ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ለከተማ የገበያ ቀን ያህል ነው። የእንግዳው ቡድን አባላት በሆቴል ያድራሉ፤ ደጋፊው ይበላል፣ ይጠጣል፤ የባጃጅ እና የታክሲ ሥራ ይደራል፤ ሻይ የምትሸጥ እናትም፣ ማሊያ እና መለያ ጨርቅ የሚያዞር ወጣትም የድርሻቸውን ያገኛሉ። በስታዲየሙ በር የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ደግሞ ለክለቡ ይገባል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገር በመግባቱ ውድድሩ ተቋረጠ፤ በኋላም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በዚያ ዓመት አሸናፊ አልታወቀም፣ የወረደ ክለብም አልነበረም። ሀዲያ ሆሳዕናም በሊጉ ቆየ። ሆኖም ሊጉ ተመልሶ ሲጀመር መልኩ ተለውጦ ነበር።

ሊጉ ወደ አንድ ከተማ ሲሰበሰብ

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድሩን የሚመራው በክለቦቹ ባለቤትነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ነው። አክሲዮን ማኅበሩ የቀጥታ ሥርጭት መብቱን ለመልቲቾይስ አፍሪካ የሸጠ ሲሆን፣ ለአምስት ዓመት የተፈረመው ውል 22 ነጥብ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ መሆኑ በወቅቱ ተገልጿል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲጀመር፣ ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት አማካይነት ከአገር አልፈው በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም መታየት ጀመሩ።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። ሁሉም ክለቦች ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ከተማ ይሰባሰባሉ፤ የተወሰኑ ዙሮችን በአንድ ስታዲየም ተጫውተው ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራሉ። በመጀመሪያው ዓመት አስተናጋጆቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ እና ሐዋሳ ነበሩ። በተከታዮቹ ዓመታት አዳማም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሆናለች።

አሠራሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በመጀመሪያ የወረርሽኙን ሥርጭት ለመቆጣጠር እንቅስቃሴን መቀነስ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ የቀጥታ ሥርጭት ካሜራዎችን እና ባለሙያዎችን በየሳምንቱ ወደ ስምንት ከተሞች ማጓጓዝ እጅግ ውድ ነው፤ በአንድ ስፍራ ሲሆን ግን ሁሉም ጨዋታ ይተላለፋል። ሦስተኛ፣ ቡድኖች በአገሪቱ ረጃጅም መንገዶች ላይ የሚያደርጉት ጉዞ እና ከዚያ ጋር የሚመጣው የጸጥታ ሥጋት ይቀንሳል። አራተኛ፣ ዳኞች በሜዳው ባለቤት ደጋፊ ጫና ሥር ከመሥራት ይድናሉ። በዚህ ምክንያት አሠራሩን የሚደግፉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም።

የሚታጣውም ነገር ግን ቀላል አይደለም። በ16 ቡድኖች ሊግ ውስጥ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 15ቱ፣ በራሱ ሜዳ ይሆን ነበር። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ክልል ሦስት ክለቦች ባለመሳተፋቸው ሊጉ በ13 ቡድኖች ስለተካሄደ፣ ለእያንዳንዱ ክለብ የሚደርሰው የባለሜዳነት ጨዋታ 12 ነበር። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በየዓመቱ 15 ነው። ይህ ሲደመር በአራት ዓመታት ብቻ ሀዲያ ሆሳዕና ባለሜዳ ተብሎ የተመዘገበባቸው 57 ጨዋታዎች ከሆሳዕና ውጭ ተካሂደዋል ማለት ነው። ሃምሳ ሰባት የገበያ ቀን፣ ሃምሳ ሰባት የበር ገቢ፣ ሃምሳ ሰባት ጊዜ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ወደ ስታዲየም የሚሄዱበት ዕድል ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ለሆሳዕና ደጋፊ ሐዋሳ መሄድ የሚቻል ነገር ነው። ድሬዳዋ ግን ከአዲስ አበባ ራሷ ወደ ምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በእርሻ ወቅት ማሳውን ትቶ፣ ወይም ሱቁን ዘግቶ፣ ይህን ያህል መንገድ የሚጓዝ ደጋፊ ከስንት አንድ ነው። አስተናጋጅ ከተሞችን የተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ይገነዘባል። ከአዳማ በስተቀር ሁሉም የአውሮፕላን ማረፊያ ያላቸው ናቸው፤ አዳማም ከአዲስ አበባ ጋር በፈጣን መንገድ የተገናኘች ከተማ ናት። ሆሳዕና እና ዱራሜ ግን የሚደረስባቸው በመኪና መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከስታዲየም ይሰፋል፤ ሆቴልን፣ መንገድን እና የልምምድ ሜዳንም ይጨምራል።

ከተራራው ስም ያገኘው ክለብ

ሀምበሪቾ ስሙን ያገኘው በከምባታ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው የሀምበሪቾ ተራራ ነው። ተራራው ለከምባታ ሕዝብ የታሪክ እና የማንነት ምልክት ነው። በቅርብ ዓመታትም ወደ አናቱ የሚያስወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት የጎብኚዎች መዳረሻ ሆኗል። የከምባታ እግር ኳስ በዱራሜ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የሺንሺቾ ከተማም ከምባታ ሺንሺቾ በተባለው ክለቧ በከፍተኛ ሊግ ትወከል ነበር።

ሀምበሪቾ በ2015 ዓ.ም. ሲያድግ አብረውት ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገቡት ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እና ሻሸመኔ ከተማ ነበሩ። የሦስቱ ክለቦች ዕጣ ብዙ የሚያስተምር ነው። ንግድ ባንክ በተመለሰበት በዚያው ዓመት መቻልን በጠባብ ልዩነት ቀድሞ የሊጉ አሸናፊ ሆነ። ሻሸመኔ እና ሀምበሪቾ ግን ወዲያውኑ ወረዱ። አንደኛው የባንክ ክለብ ነው፤ ሁለቱ የከተማ ክለቦች ናቸው። የባንክ ክለብ አቅሙ በደጋፊው ብዛት ወይም በሜዳው ገቢ ላይ የተመሠረተ አይደለም። የከተማ ክለብ ትልቁ ሀብቱ ግን ሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ የሚገኘው በሜዳው ዙሪያ ነው። ቡድኑ ከሕዝቡ ሲርቅ የከተማው ክለብ ዋናውን ሀብቱን ቤቱ ትቶ ወደ ገበያ እንደ ወጣ ነጋዴ ይሆናል።

ይህ ማለት ሀምበሪቾ የወረደው በዱራሜ ስላልተጫወተ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ክለቦች የሚወርዱት በልምድ ማነስ፣ በገንዘብ እጥረት፣ በተጫዋቾች ጥራትም ጭምር ነው። ሀዲያ ሆሳዕናም በ2008 ዓ.ም. በከተማው እየተጫወተ ነበር የወረደው። ልዩነቱ ግን አለ። በ2008 ዓ.ም. ሆሳዕና ቢያንስ ታላላቆቹን ክለቦች በዓይኗ አይታለች፤ በዚያ ዓመት በአጥር ላይ ተንጠልጥለው የተመለከቱ ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። ዱራሜ ይህን ዕድል አላገኘችም።

ሜዳ ያጡት ትናንሾች ብቻ አይደሉም

የሜዳ ጉድለት በታችኛው እርከን ላይ የቆመ ችግር አይደለም። የጎረቤት ክለብ ወላይታ ድቻ የ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን በማሸነፉ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ። ከታላቁ የግብፅ ክለብ ዛማሌክ ጋር ባደረገው የደርሶ መልስ ጨዋታ በመጀመሪያው 2 ለ 1 አሸነፈ። በካይሮ በተመሳሳይ ውጤት ከተሸነፈ በኋላ በመለያ ምት ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። ይህ በኢትዮጵያ ክለቦች ታሪክ ከማይረሱት ውጤቶች አንዱ ነው። ሆኖም ድቻ የባለሜዳነት ጨዋታውን ያደረገው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ነበር።

ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ስታዲየም መሥፈርቱን አያሟላም ካለ በኋላ፣ ዋልያዎቹ የባለሜዳነት ጨዋታቸውን በሰው አገር ለማድረግ ተገደዱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ጨዋታ የተካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነው። ያ ድል በኢትዮጵያ ምድር ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ደስታ ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ጥሩ ሜዳ ምን ይጠይቃል?

ብዙ ሰው ስታዲየም ሲባል የሚታየው የሲሚንቶ ደረጃ እና ጣሪያ ነው። የእግር ኳስ ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመከረው የሜዳ ስፋት 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው። ይህ ከሦስት ሩብ ሄክታር ትንሽ የሚያንስ ስፋት ነው፤ አርሶ አደር በጥማድ ለክቶ የሚያውቀው ዓይነት ማሳ ማለት ነው።

መሬቱን በተመለከተ አርሶ አደሩ ከማንም በላይ የሚረዳው ችግር አለ፤ ውሃ ነው። የሀዲያ እና የከምባታ ደጋ ዝናብ የማያጣው አካባቢ ነው። ሸክላማ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ በላዩ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ሲሮጥበት ደግሞ ይጠቀጠቃል፣ ሣሩ ሥር መስደድ ይሳነዋል። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ኳስ በትክክል አይንከባለልም፤ የተጫዋች ጉልበት እና ቁርጭምጭሚትም ይጎዳል።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። ከሣሩ ሥር ጠጠር እና አሸዋ ይነጠፋል፤ በውስጡ ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይቀበራሉ፤ የሜዳው መካከል በዓይን የማይታይ ያህል ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ዳርና ዳር ወዳሉ ቦዮች እንዲወርድ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሣሩ በሥርዓት ይተከላል፣ ይታጨዳል፣ ይጠጣል፣ ማዳበሪያም ያገኛል። ከሁሉም በላይ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሜዳ እንደ ግጦሽ መሬት ነው፤ ያለ ዕረፍት ከተጋጠ ይራቆታል። በአንድ ሜዳ ላይ ዋናው ቡድን፣ የወጣቶች ቡድን፣ የትምህርት ቤት ውድድር እና የአደባባይ ስብሰባ ሁሉ የሚካሄድ ከሆነ፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት ሣሩ አይጸናም። ስለዚህ አንድ ስታዲየም ከመገንባት ጎን ለጎን ሁለት ሦስት የልምምድ ሜዳዎችን ማዘጋጀት የግድ ነው።

በመሬቱ ላይ ደግሞ መልበሻ ክፍል፣ የዳኞች ክፍል፣ የሕክምና ስፍራ፣ ተመልካችን ከሜዳ የሚለይ አጥር፣ በቂ መውጫ በሮች፣ መጸዳጃ ቤት እና ለምሽት ጨዋታ የፓውዛ መብራት ይጨመራሉ። የቀጥታ ሥርጭት ባለበት ዘመን የካሜራ ማማ እና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልም ከመሥፈርቱ ይቆጠራሉ።

ከስኮትላንድ የሚመጣ ትምህርት

ሜዳ እና ክለብ ሲለያዩ የሚሆነውን ከሩቅ አገር ታሪክም ማየት ይቻላል። ስኮትላንድ ከእግር ኳስ መነሻ አገሮች አንዷ ናት፤ ትንንሽ ከተሞቿ ሁሉ የየራሳቸው ክለብ አላቸው። በግላስጎው ከተማ በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ተርድ ላናርክ የተባለ ክለብ በ1904 የአገሪቱ ሊግ አሸናፊ ለመሆን በቅቶ ነበር። በ1967 ግን በዕዳ እና በአስተዳደር ቀውስ ፈረሰ። የክለቡ ሜዳ ካትኪን ፓርክ ዛሬም አለ። በተመልካች ይሞላ የነበረው ደረጃ በዛፎች ተከብቦ፣ የአካባቢው ልጆች የሚጫወቱበት የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። እዚያ ክለቡ ሞተ፣ ሜዳው ቀረ።

የክላይድ ክለብ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክለቡ ከ1898 ጀምሮ ሾውፊልድ በተባለ ሜዳ ይጫወት ነበር። ሜዳው በኋላ በውሻ ሩጫ ውድድር ባለቤቶች እጅ ስለ ገባ ክለቡ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆነ፤ በ1986ም ከዚያ ለመውጣት ተገደደ። ለስምንት ዓመታት በሌሎች ክለቦች ሜዳ እየተዘዋወረ ከቆየ በኋላ ከግላስጎው ውጭ በምትገኝ ከምበርኖልድ በተባለች ከተማ አዲስ ስታዲየም ገባ። በ2022 ግን ያንንም ለቅቆ እንደገና የሌላ ክለብ ሜዳ ተጋሪ ሆኗል። ክለቡ አልሞተም፤ ነገር ግን ቤት የለሽ ክለብ በየሰፈሩ ሲዞር አዲስ ትውልድ ደጋፊ ለማፍራት እንደሚቸገር ታሪኩ ያስረዳል።

የሁለቱ ክለቦች ነገር ለሆሳዕና እና ለዱራሜ የሚናገረው አለው። ክለብን በተጫዋች ግዢ ብቻ ማቆም አይቻልም፤ ሜዳንም ያለ ክለብ ማቆየት ትርጉም ያንሰዋል።

ለተጫዋች ወይስ ለሜዳ?

በኢትዮጵያ የክለቦች ወጪ አብዛኛው ለተጫዋች ደመወዝ እና ለፊርማ ክፍያ የሚውል መሆኑ ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እና ክለቦቹ የተጫዋች ከፍተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የወሰኑት በዚሁ ምክንያት ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ለአንድ ዓመት የተቀጠረ ተጫዋች ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ለሜዳ የወጣ ገንዘብ ግን እዚያው ይቀራል። ቡድኑ ቢወርድ እንኳ የትምህርት ቤት ተማሪው፣ የሴቶች ቡድኑ እና የሰፈሩ ወጣት ይጠቀምበታል።

በሌላ በኩል ክለቡን በሊጉ ማቆየትም ወጪ ይጠይቃል። ተጫዋች ሳይገዛ ሜዳ ብቻ የሚሠራ ከተማ ባዶ ስታዲየም ይዞ ሊቀር ይችላል። የከተማ አስተዳደሮች በየዓመቱ የሚገጥማቸው ምርጫ ይህ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። መካከለኛው መንገድ በየዓመቱ ከክለቡ በጀት ጥቂቱን እየለዩ ለሜዳ፣ ለልምምድ ስፍራ እና ለታዳጊዎች ማሠልጠኛ ማዋል ነው። የሀዲያ እና የከምባታ ሰው ይህን አሠራር ከእንሰት ያውቀዋል። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይፋቅም፤ ቆጮ ሆኖ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ለዓመታት ይጠበቃል። በየዓመቱ የሚተክል ቤተሰብ ግን በየዓመቱ የሚፍቀው አያጣም።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የአባልነት መዋጮ፣ የማሊያ ሽያጭ እና በከተማው ተወላጆች የሚደረግ ድጋፍ ሲሰበሰብ ለአንድ አስተዳደር የከበደው ለብዙ ሰው ይቀላል። ለዚህ ግን የክለቡ ሒሳብ ለሕዝብ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ያዋጣው ብር የት እንደ ዋለ ያወቀ ደጋፊ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያዋጣል።

ሆሳዕና አሁን የክልል መቀመጫ ናት። ይህ ኃላፊነት መንገድ፣ ሆቴል፣ የስብሰባ አዳራሽ እና ልዩ ልዩ መሠረተ ልማት ይዞ ይመጣል፤ እነዚህም የሊጉን ውድድር ለማስተናገድ ከሚያስፈልጉት ጋር አንድ ናቸው። መሥፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም በሆሳዕና ቢኖር የሚጠቀመው ሀዲያ ሆሳዕና ብቻ አይሆንም። የዱራሜ፣ የሺንሺቾ፣ የወልቂጤ እና የሌሎች የአካባቢው ከተሞች ክለቦችም ከድሬዳዋ ይልቅ ለቤታቸው በሚቀርብ ሜዳ ላይ ለመጫወት ዕድል ያገኛሉ። ዱራሜም በበኩሏ መጠነኛ ነገር ግን በሚገባ የተያዘ ሜዳ ካዘጋጀች፣ ቢያንስ የታችኛው ሊግ ጨዋታዎች እና የታዳጊዎች ውድድሮች ከሕዝቧ ዓይን እንዳይርቁ ማድረግ ትችላለች።

የሀምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንድ በአንድ ነው። የሊጉም መሰላል እንዲሁ ነው። ሀዲያ ሆሳዕና ሁለት ጊዜ፣ ሀምበሪቾ አንድ ጊዜ ወደ ላይ መውጣት እንደሚችሉ አሳይተዋል። የሚቀረው ሥራ በቀጣዩ ጊዜ ሲወጡ ሕዝቡ ከሜዳው ዳር ቆሞ በዓይኑ የሚያያቸውን ስፍራ ማዘጋጀት ነው።